ኔት ሲቆራረጥ፦ ለሞባይል አፕ የኔትወርክ ላይብረሪ እንዴት እንደምመርጥ

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለልምምድ የሚመጡልኝ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ስለ ኔትወርክ ላይብረሪ፣ ማለትም አፑ ከሰርቨር ጋር ስለሚነጋገርበት ዝግጁ ኮድ ነው፤ «ሬትሮፊት ይሻላል ወይስ ኬቶር?» ፍላተር የለመዱት ደግሞ «ዲዮ ወይስ ኤችቲቲፒ?» ይላሉ። መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ ልንገረው፦ አንድሮይድን በኮትሊን የምትሠሩ ከሆነ ኦኬኤችቲቲፒን ከነሬትሮፊቱ ውሰዱ። በፍላተር ከሆነ ዲዮን። ለአይፎን ብቻ ከሆነ አፕል ራሱ የሚሰጠው ዩአርኤልሴሽን ይበቃችኋል። ሪአክት ኔቲቭ ላይ ያላችሁ በፌችም ሆነ በአክሲዮስ ሥሩ፣ ታይምአውቱን (መልስ የሚጠበቅበትን የጊዜ ገደብ) ግን ራሳችሁ አስገቡበት። ለዚህ ብቻ የመጣ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ባያነብም አልቀየመውም።

ለሚቆየው ግን፣ እኔ የምመርጠው በጊትሀብ ኮከብ ብዛትም በፍጥነት ውድድርም አይደለም። ላይብረሪውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኔትወርኩ መሃል ላይ ሲቋረጥ ምን ታደርጋለህ? ኔቱ ደህና ሲሆን ሁሉም ላይብረሪ ደህና ነው።

ምርጫዬ ከሥራዬ ስለሚነሳ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። ሄርማታ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ሆኜ ለቡና ሰብሳቢዎችና ለእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አፕ እሠራለሁ። ደንበኞቼ ያሉት ጎማ፣ ማናና ሊሙ ኮሳ ውስጥ ነው። ቀዩ እሸት ሲደርስ ገበሬው የለቀመውን ከሰዓት በኋላ ይዞ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ጸሐፊው ስሙንና ኪሎውን ስልኩ ላይ ይሞላል፣ አፑ ወደ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ ያለው ፍራንክፈርት ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ስሞክረው ጠቅ ሳደርገው ይደርሳል። ጣቢያዎቹ ጋ ሲወርዱ ግን 4ጂ የነበረው 3ጂ ይሆናል፣ ኮረብታው ሲጋርደው ደግሞ የዘገምተኛው ኤጅ (2ጂ) ምልክት የሆነችው «ኢ» የምትለዋ ፊደል ብቻ ትቀራለች። መብራት ሲጠፋ እሷም ትሄዳለች። ጸሐፊው ስለ ላይብረሪ ምን ተዳው! እኔን የሚጠይቀኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እህቴ፣ ይሄ ሄደ ወይስ አልሄደም?»

ችግሩ የዚህ ጥያቄ መልስ ሁለት ሳይሆን ሦስት መሆኑ ነው። ሄዷል፤ አልሄደም፤ አይታወቅም። ሦስተኛው የሚመጣው እንዲህ ነው። ስልኩ መዝገቡን ይልካል፣ ሰርቨሩ ይቀበላል፣ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ከስልኩ በኩል ሲታይ ይህ ጭራሹን ካልሄደው ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ታይምአውት ናቸው። እዚህ ላይ ላይብረሪው በራሱ ውሳኔ ድጋሚ ከላከ መዝገቡ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሳይልክ ዝም ካለ ደግሞ ምናልባት ጭራሽ ላይገባ ይችላል።

ይህን ነገር በዓይኔ ያየሁት ሌላ ባለሙያ ሠርቶት የሄደውን አንድ አፕ በተረከብኩ ጊዜ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ከጸሐፊው ጋር ተጣልቶ ነበር። የአንዳንድ ገበሬ እሸት ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ስሙ አንድ፣ ኪሎው እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ፣ 43.5 ከሆነ 43.5። ጸሐፊው ሆን ብሎ እየደገመ ትርፉን ሊወስድ ነው ተባለ። ዳታቤዙን ከፍቼ የገቡበትን ሰዓት ጎን ለጎን ሳስቀምጠው በመንታዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው በሦስት ሰከንድ ስም ፈልጎ፣ ኪሎ ሞልቶ፣ «ላክ» ሊል አይችልም። የደገመው ስልኩ ነው።

አፑ የተሠራው በቮሊ ነበር። ቮሊ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው ላይብረሪ ነው፤ ምንም ካልነገራችሁት የሚጠብቀው 2,500 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ከዚያ በራሱ አንድ ጊዜ ይደግማል። የሚደግመው ጌትን (ማምጫውን ጥያቄ) ብቻ አይደለም፣ ፖስትንም (መላኪያውን) ነው። ይህ ተደብቆ የነበረ ጉድለት አይደለም፤ ሰነዱ ላይ ተጽፏል፣ በአንድ መስመርም ይቀየራል። ነገር ግን 2.5 ሰከንድ ለጥሩ ኔትወርክ የታሰበ ቁጥር ነው። «ኢ» ላይ ያለ ስልክ መልስ ሳያገኝ 2.5 ሰከንድ ማለፉ የዘወትር ነገር ነው። የድጋሚውን ቁጥር ለፖስት ዜሮ አደረግኩት፤ መንታዎቹ ቆሙ፤ ጸሐፊውም ከክሱ ነጻ ወጣ።

ስለዚህ ላይብረሪ ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት ገጽ «ይህ ነገር በራሱ ይደግማል ወይ? የሚደግመውስ መቼ ነው?» የሚለውን የሚመልሰውን ነው። ኦኬኤችቲቲፒ ግንኙነት ሳይመሠረት ቢወድቅ ወይም በእጁ ይዞት የነበረው አሮጌ ግንኙነት ሞቶ ቢያገኘው በሌላ መንገድ ይሞክራል። ጥያቄውን መላክ ከጀመረ በኋላ ታይምአውት ከመጣ ግን በራሱ አይደግምም፤ ስህተቱን ለእናንተ ይመልስላችኋል። እኔ የምፈልገው ጠባይ ይህ ነው፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አይሆንም። የዳርት (የፍላተር ቋንቋ) ኤችቲቲፒ ጥቅል ደግሞ በራሱ አይደግምም፤ ይደግምልኝ ካላችሁ ሪትራይ ክላየንት የሚባለውን ታለብሱታላችሁ፤ እሱም ካልነገራችሁት በስተቀር የሚደግመው ሰርቨሩ 503 («አሁን አልችልም») ሲመልስ ነው፣ እስከ ሦስት ጊዜ።

የላይብረሪው ጠባይ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን «አይታወቅም» የሚለውን መልስ አያጠፋውም። የሚያጠፋው እያንዳንዱ መዝገብ ስልኩ ላይ ሲፈጠር የራሱ መለያ፣ ማለትም ዩዩአይዲ፣ እንዲኖረው ማድረግ ነው። መለያው የሚሰጠው «ላክ» ሲባል ሳይሆን ጸሐፊው «መዝግብ» ሲል ነው። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ ያ መለያ እንዳይደገም ዩኒክ ኢንዴክስ ይደረግበታል፤ ያው መለያ ሁለተኛ ሲመጣ እንደ ስህተት ሳይቆጥር «አዎ፣ ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አሥር ጊዜም ቢልክ ግድ የለም። ክፍያ ያለበት አፕ የምትሠሩ ከሆነ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ታይምአውት ሲመጣ የክፍያውን ጥያቄ ደግማችሁ ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያው ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁ።

ሁለተኛው የምመለከተው ታይምአውት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ታይምአውት» ሲል አንድ ቁጥር ይመስለዋል። ኦኬኤችቲቲፒ ሲመጣ ለመገናኘት 10 ሰከንድ፣ ለማንበብ 10፣ ለመጻፍ 10 ተሰጥቶት ነው። የማንበቢያው 10 ሰከንድ ግን ጠቅላላ ጊዜ አይደለም፤ በአንዱ ባይትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ነው። መልሱ በየዘጠኝ ሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢመጣ ታይምአውቱ በፍጹም አይመታም፤ ጸሐፊው የሚሽከረከረውን ክብ እያየ ይመሻል። ለጠቅላላው ጊዜ የተለየ ቅንብር አለው፣ ኮል ታይምአውት ይባላል፣ ካልሞላችሁት ዜሮ ነው፤ ዜሮ ማለት ገደብ የለም ማለት ነው። እኔ ለጣቢያ አፕ ለመገናኘት 20፣ ለማንበብ 30፣ ለጠቅላላው 90 ሰከንድ እሰጣለሁ። ሰው ስክሪን ላይ ለሚጠብቀው ነገር ጠቅላላውን ወደ 15 አወርደዋለሁ፤ ሰው ከዚያ በላይ ሲጠብቅ አፑን ዘግቶ ይከፍተዋል።

ሌሎቹ ላይ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። አክሲዮስ ካልነገራችሁት ዜሮ ነው፣ ያለ ገደብ ይጠብቃል። ዩአርኤልሴሽን ለአንድ ጥያቄ 60 ሰከንድ ይሰጣል፤ ለጠቅላላው ግን ሰባት ቀን! ዲዮም ካልሞላችሁለት ገደብ የለውም፤ ግን የመገናኛ፣ የመላኪያና የመቀበያ ታይምአውት ለየብቻ አለው፣ ጥያቄ መሰረዣም አለው። የዳርት ኤችቲቲፒ ላይ ሰዎች በፊውቸሩ (ገና በሚመጣው መልስ) ላይ ታይምአውት ይለጥፉና የተሰረዘ ይመስላቸዋል። አልተሰረዘም። እናንተ መጠበቅ አቆማችሁ እንጂ ጥያቄው ከጀርባ ይቀጥላል፤ ፖስት ከሆነም ሊደርስ ይችላል። ዲዮን የምመርጠው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

ለምን ይህን ያህል ሰከንድ ትሰጫለሽ የሚል ካለ ሒሳቡ እነሆ። አንድ ደርሶ መልስ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። የሰርቨሩን አድራሻ ለመጠየቅ አንድ፣ ግንኙነቱን ለመክፈት (ቲሲፒ) አንድ፣ ምስጢሩን ለመጠበቅ በቲኤልኤስ 1.2 ለመጨባበጥ ሁለት፣ ለራሱ ለጥያቄው አንድ። አምስት ጊዜ 600፣ ሦስት ሰከንድ፤ ያውም ምንም ሳይጠፋ፣ ሰርቨሩም ወዲያው መልሶ። ሁለተኛው ጥያቄ በዚያው ግንኙነት ላይ ቢሄድ ግን የሚከፍለው የመጨረሻዋን 600 ብቻ ነው። ኦኬኤችቲቲፒ አምስት ሥራ ፈት ግንኙነቶችን እስከ አምስት ደቂቃ ይዞ የሚያቆየው ለዚህ ነው። በተማሪዎቼ ኮድ ውስጥ ግን ደጋግሜ የማየው በእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ክላየንት (ጥያቄውን የሚልከው የላይብረሪው ክፍል) ሲፈጠር ነው። እያንዳንዱ ክላየንት የራሱን ግንኙነቶች ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስቱም ሰከንድ ይከፈላል። ለአፑ በሙሉ አንድ ክላየንት ብቻ ይፈጠር።

ስለ ዳታ ብዙ አልልም። ጥቅሉን የሚገዛው ጸሐፊው በራሱ ካርድ ነው፣ ይህን አትርሱ። ኦኬኤችቲቲፒ መልሱን በጂዚፕ አስጨምቆ መቀበልን በራሱ ያደርገዋል፤ አክሴፕት ኢንኮዲንግ የሚለውን ሄደር በእጃችሁ ከጻፋችሁበት ግን መፍታቱንም ለእናንተ ይተወዋል፤ ስለዚህ አትንኩት። ካሹ (የመጣውን መልስ ስልኩ ላይ ማስቀመጫው) ደግሞ ማህደርና መጠን ካልሰጣችሁት አይሠራም። ሰርቨሩ ኢታግ (የመልሱን ስሪት የሚለይ ምልክት) የሚመልስ ከሆነ የገበሬዎቹ ዝርዝር ባልተለወጠበት ቀን 304 («አልተለወጠም») የምትል አጭር መልስ ብቻ ትመጣለች፤ ዝርዝሩ ከስልኩ ይነበባል።

አሁን ወደምወደው ርዕስ ልግባ፤ ስለ አሮጌ ስልክና ስለ ሰዓት።

ጣቢያ ላይ የሚሠራበት ስልክ አዲስ አይደለም። ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ሚዛን ቤት የወረደ ነው። አንድሮይድ 6 እና 7 አሁንም አገኛለሁ። ከ7.1.1 በታች ያለ አንድሮይድ፣ ነጻ የሰርቨር ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት የሚጠቀምበትን አይኤስአርጂ ሩት ኤክስ 1 የተባለውን ሥር ሰርተፍኬት (ሌሎቹ የሚታመኑበትን) አያውቀውም። ለጊዜው ያሻገረው የሌላ ሥር ፊርማ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አበቃ። ሰርቨራችሁ የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ካለው፣ እነዚህ ስልኮች ላይ አፑ ኔት እያለ «ኔት የለም» ይላል። መፍትሔው ሥር ሰርተፍኬቱን ከአፑ ጋር አብሮ መላክ ነው። ከአንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ኔትወርክ ሴኩሪቲ ኮንፊግ በሚባለው ፋይል ይሆናል፤ ከዚያ በታች ኦኬኤችቲቲፒ ከቲኤልኤስ ተጨማሪው ጋር በኮድ ያስገባዋል። ፍላተር ላይ ያላችሁ ልብ በሉ፤ ዳርት ያንን ፋይል አያነበውም፣ ሴኩሪቲ ኮንቴክስት ላይ ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። ላይብረሪ ስትመርጡ «ሰርተፍኬት መጨመር ያስችላል ወይ?» ማለት ይህን ያህል ተጨባጭ ነገር ነው።

ሰዓቱ ደግሞ የእኛው ጉድ ነው። ብዙ ሰው ስልኩን በሀበሻ ሰዓት ይሞላል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ 1:00 እንዲል አውቶማቲኩን አጥፍቶ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በአዘቦቱ ቀን ምንም አይሆንም። ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ያደሰ ዕለት ግን ሌትስ ኢንክሪፕት የመጀመሪያ ሰዓቱን ከተሰጠበት አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ያደርገዋል፤ ስልኩ ከዚያ አምስት ሰዓት ይቀረዋልና «ይህ ሰርተፍኬት ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ለአምስት ሰዓት ያህል ጣቢያው በሙሉ ይቆማል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ይድናል። መነሻውን የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ኔትወርኩን ሲረግም ይውላል። ዓመተ ምህረቱንም በኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው አለ፤ ያኔ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ ምንም ሰርተፍኬት አይሠራለትም።

እዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት «መፍትሔ» ማጣሪያውን ጨርሶ የሚዘጋ፣ የመጣውን ሰርተፍኬት ሁሉ የሚቀበል ኮድ ነው። እባካችሁ አትለጥፉት። የገበሬ ስምና ሒሳብ በማንም ዋይፋይ ላይ ተገልጦ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። ከዚያ ይልቅ ስህተቱን ተቀብላችሁ ውስጡን እዩ። አንድሮይድ ላይ ከኤስኤስኤል ስህተቱ ሥር ሰርተፍኬቱ ገና እንዳልጀመረ የሚናገር የራሱ ኤክሰፕሽን አለ። እሱ ሲገኝ «ኔት የለም» አትበሉ፤ «የስልክዎ ቀንና ሰዓት ልክ አይደለም፣ አውቶማቲክ ያድርጉት» በሉ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ። የሀበሻ ሰዓቱን አፑ ራሱ ያሳያቸው፤ እኔ ሚዛን ስክሪኑ ላይ በትልቁ ካደረግኩት ወዲህ ሰዓት የሚመልስ ሰው ቀንሷል። ሬትሮፊትና ኦኬኤችቲቲፒ ላይ ይህ ስህተት ሳይሸፈን እስከ እናንተ ይደርሳል። ላይብረሪው ስህተቱን ሁሉ «ኔትወርክ ኤረር» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልሎ የሚሰጥ ከሆነ ግን ለጸሐፊው የምትነግሩት አይኖራችሁም። አክሲዮስን ሪአክት ኔቲቭ ላይ ስሞክር የቸገረኝ ይኸው ነበር።

አሁን ስለ ላይብረሪዎቹ አንድ በአንድ፣ ባጭሩ።

ኤችቲቲፒዩአርኤልኮኔክሽን ከአንድሮይድ ጋር ይመጣል፣ ለአፑ ክብደት አይጨምርም፤ ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ውስጡ ራሱ ከኦኬኤችቲቲፒ የተወሰደ ነው። አንድ ጌት ብቻ ለሚልክ ትንሽ አፕ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ስትሪም መክፈትና መዝጋት፣ ስህተት መለየት፣ ክር (ትሬድ) መቀየር ሁሉ የእናንተ ሥራ ይሆናል። የአፓቼ ኤችቲቲፒ ክላየንት ደግሞ ከአንድሮይድ 6.0 ጀምሮ ከሲስተሙ ወጥቷል፤ ዩቲዩብ ላይ እሱን የሚያስተምር ቪዲዮ ካገኛችሁ ቀኑን አይታችሁ እለፉት። ቮሊን ለአዲስ ሥራ አልመርጠውም፣ ግን ያለበትን አፕ ለመቀየር ብቻ ብዬም አልነቅለውም። አጫጭር መልሶች ላይ ደህና ይሠራል፤ መልሱን በሙሉ ሚሞሪ ላይ ስለሚይዝ ለትልቅ ፋይል ግን አይሆንም፣ ይህንን ሰነዱም ይናገራል።

ኦኬኤችቲቲፒ መጓጓዣው ነው፤ ሬትሮፊት ከላዩ ተቀምጦ ኤፒአያችሁን እንደ ኮትሊን ኢንተርፌስ የሚያጽፋችሁ ነው። ሁለቱም ስኩዌር ከተባለው ድርጅት የመጡ ናቸው። ከሬትሮፊት 2.6.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ የኮትሊኑን ሰስፔንድ ፈንክሽን (ስክሪኑን ሳያቆም መልስ የሚጠብቀውን) በቀጥታ ይቀበላል፤ ስለዚህ አርኤክስጃቫ የሚባለውን ላይብረሪ ለዚህ ብቻ ብሎ መማር ቀርቷል። ኦኬኤችቲቲፒ ከ3.13 ጀምሮ አንድሮይድ 5.0ና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ያለ ስልክ እኔ ጣቢያ ላይ አላገኘሁም።

ኬቶርን ጀትብሬይንስ ነው የሚሠራው። የአንድሮይዱንና የአይፎኑን የኔትወርክ ኮድ አንድ ላይ መጻፍ ከፈለጋችሁ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። አንድሮይድ ላይ ሞተሩን ኦኬኤችቲቲፒ አድርጉት፤ ከላይ ያልኳችሁ ጠባይ ሁሉ ከሥሩ ይመጣል፤ የኬቶር የራሱ ታይምአውትና ድጋሚ ግን እንደ ፕለጊን የሚጫኑ ናቸው፣ ካልጫናችሁ የሉም። አንድሮይድ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ አይታየኝም። ተማሪዎቼ በዚህ አይስማሙም፤ ይከራከሩ።

አይፎን ይዞ ሚዛን ላይ የሚቆም ጸሐፊ እስካሁን አላየሁም፤ የማህበር ሊቀመንበር ግን ይዞ አይቻለሁ፣ ሪፖርት የሚያየው በእሱ ነው። ለሱ በዩአርኤልሴሽን ሠራሁ። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ኔት እስኪመጣ ጠብቆ የሚልክ ቅንብር ስላለው ብዙ ኮድ ያስቀራል። አላሞፋየርም ጥሩ ነው፣ ግን ያለ እሱም ይሆናል። ከሱ በፊት የነበረው ኤኤፍኔትወርኪንግ ግን ሥራው ስለቆመ ለአዲስ አፕ አትንኩት።

ከላይብረሪው ውጭ የሚቀር አንድ ነገር አለ። መዝገቡ መጀመሪያ ስልኩ ዳታቤዝ ላይ ይቀመጥ፤ መላኩን ወርክማናጀር (የአንድሮይድ የጀርባ ሥራ አስኪያጅ) ይያዘው፣ «ኔት ሲኖር» የሚለውን ሁኔታ ሰጥታችሁት። ካልቀየራችሁት ሲወድቅ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ እየራቀ ይደግማል። ጸሐፊው ለሚጠይቀው ጥያቄ መልሱ ከመዝገቡ ጎን በሚታይ ምልክት ይሁን፤ ስልኩ ላይ ያለ፣ በመላክ ላይ ያለ፣ ሰርቨሩ ያረጋገጠው። የመጨረሻውን፣ አረንጓዴውን ምልክት መዝገቡ የሚያገኘው ሰርቨሩ ያን መለያ መልሶ ሲጠራ ብቻ ነው። አንዳንድ ርካሽ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠራውን ይገድላል፤ ስለዚህ አፑ ሲከፈትም ያልሄዱትን አንድ ጊዜ ይሞክር።

ከመወሰናችሁ በፊት ፈትኑት። ጠረጴዛ ላይ ሆናችሁ ሞክ ዌብ ሰርቨር የሚባለው የኦኬኤችቲቲፒ መሣሪያ ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጥ እንዲዘጋ፣ ወይም ጨርሶ ዝም እንዲል፣ ወይም መልሱን በጠብታ እንዲልክ ማዘዝ ትችላላችሁ። «ተቀብሎ ሳይመልስ የዘጋ» የሚለው ፈተና ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመንታ መዝገብ ነገር እዚያ ላይ ይታያል። ኢሙሌተሩም (ኮምፒውተር ላይ ያለው የውሸት ስልክ) የኔትወርክ ፍጥነቱን ወደ ኤጅ ማውረጃ አለው። ከዚያ ግን ውጡ። እኔ የማደርገው ስልኩን «2ጂ ብቻ» ላይ አድርጌ፣ ኦኬኤችቲቲፒ ላይ ኢቨንት ሊስነር አስገብቼ፣ ከመናኸሪያ የአጋሮን ሚኒባስ መያዝ ነው። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና የዛፉ ጥላ ኢሙሌተር የማይሰጠውን መቆራረጥ ይሰጣል። አፑ በየደቂቃው አንድ የውሸት መዝገብ ይልካል፤ ሊስነሩ አድራሻ ለመጠየቅ፣ ለመገናኘት፣ ለመጨባበጥ ስንት እንደወሰደ ፋይል ላይ ይጽፋል። ስመለስ ስልኩ ላይ ያሉትንና ሰርቨሩ ላይ ያሉትን መለያዎች አስተያያለሁ። የጎደለ ካለ አንድ ችግር ነው፣ የተደገመ ካለ ሌላ። ሁለት ላይብረሪ ማወዳደር ከፈለጋችሁ በሁለት ስልክ፣ በአንድ ዓይነት ሲም፣ በአንድ ጉዞ ላይ አድርጉት፤ የትናንቱ ኔትወርክ ከዛሬው ጋር አይመሳሰልም።

ስለ ክብደትም ልበል። አፑን ደንበኞቼ የሚያገኙት ከፕሌይ ስቶር ሳይሆን በቴሌግራም ወይም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሜጋባይት ይቆጠራል። አርኤይት የሚባለውን የኮድ ማሳጠሪያ አብሩት፤ የማትጠቀሙበትን ይቆርጠዋል። ክሮኔት የሚባለው የክሮም የኔትወርክ ሞተር ኤችቲቲፒ 3ን ይዟል፣ መቆራረጥ ላይም ጎበዝ ነው፤ በፕሌይ ሰርቪስ በኩል ሲመጣ አፑን አያከብደውም፣ ፕሌይ ሰርቪስ የሌለው ስልክ ላይ ግን ሌላ መንገድ ልታዘጋጁ ነው፤ አብራችሁት ካሸጋችሁት ደግሞ ይከብዳል። ለጣቢያ አፕ ትቼዋለሁ። ለእናንተ ለራሳችሁም አስቡ፤ አፑን የሚገነባው ግሬድል አዲስ ላይብረሪ ሲጨመር የሚያወርደው ቀላል አይደለም። እኔ አዲስ ስሪት የምሞክረው የሌሊት ጥቅል ሲኖረኝ ነው፣ ከዚያ ግሬድልን ኦፍላይን ላይ አድርጌ እሠራለሁ።

የስሪቱን ቁጥር በትክክል ጻፉት፤ ማብቂያው ላይ የመደመር ምልክት አድርጋችሁ «የመጨረሻውን አምጣ» አትበሉ። ላይብረሪውንም ከአፑ ውስጥ በየቦታው አትጥሩት። እኔ ጋ ኔትወርክን የሚያውቀው አንድ ክላስ ነው፤ ሌላው ኮድ የሚያውቀው «መዝገብ ላክ»፣ «የዛሬ ዋጋ አምጣ»፣ «የገበሬ ዝርዝር አድስ» የሚሉትን ሦስት ነገሮች ብቻ ነው። ዲዮ ከ4 ወደ 5 ሲሸጋገር ታይምአውቱ በሚሊሰከንድ ቁጥር መጻፉ ቀርቶ ዱሬሽን ሆነ፤ ያንን የሚያስተካክል ሰው የሚከፍተው ፋይል አንድ ብቻ መሆን አለበት።